የቀይ እስክሪብቶው ክርክር

የቋንቋ መምህር ሥራ ግማሹ እርማት ነው። ተማሪው ድርሰት ይጽፋል፣ መምህሩ በቀይ ያሰምርበታል፣ ተማሪው ማርኩን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታይዋን የሚያስተምሩት ጆን ትራስኮት ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው ብለው ጻፉ። በሁለተኛ ቋንቋ ድርሰት ላይ የሰዋስው እርማት ጨርሶ ይቅር አሉ። አይጠቅምም፤ እንዲያውም ስህተት የፈራ ተማሪ ከአጭርና ከቀላል ዓረፍተ ነገር አይወጣም ሲሉ ተከራከሩ።

አሜሪካዊቷ ዳና ፌሪስ በ1999 ፍርዱ ቸኩሏል ብለው መለሱ። ማስረጃው ስስ መሆኑን ግን አልካዱም። የእርማትን ጥቅም ለመለካት ምንም ያልታረመላቸው ተማሪዎች ለማነጻጸሪያ ያስፈልጋሉ፤ ለብዙ መምህራን ደግሞ ሳያርሙ መተው በደል ነው። ከዚህ የባሰው፣ በርካታ ጥናቶች የለኩት ያው የታረመው ድርሰት እንደገና ሲጻፍ ነበር። መምህሩ የጻፈለትን መገልበጥ መማር ከሆነማ የማይጎብዝ ተማሪ የለም።

ስለዚህ መለኪያው ወደ አዲስ ድርሰት ዞረ። በ2005 በኒውዚላንድ ጆን ቢችነርና ባልደረቦቻቸው ከሌላ አገር የመጡ 53 ጎልማሳ የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። በጽሑፍ ታርሞላቸው ከመምህር ጋር ለብቻ የተነጋገሩት በኀላፊ ጊዜና በ«ዘ» አጠቃቀም ተሻሻሉ፤ በመስተዋድድ ግን አልሆነላቸውም። አያስገርምም፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሕግ አላቸው፤ «ኢን»ና «ኦን» ግን በአብዛኛው በልማድ የሚያዙ ናቸው። በ2007 የታተመው የዩንግሂ ሺን ጥናትም እርማቱ ላይ አጭር የሕግ ማብራሪያ ሲታከልበት ውጤቱ እንደሚቆይ አሳየ።

ትራስኮት የፈሩት የድርሰት መቀጨጭስ? በ2012 በወጣው የኔዘርላንድ ጥናት 268 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተሳትፈዋል፤ ስህተታቸው ሁሉ የታረመላቸው በአዲስ ድርሰት ተሻሻሉ፣ ዓረፍተ ነገራቸውም አልቀለለም።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ «ቤቱ» ብሎ በቅጥያ የሚያመለክተውን እንግሊዝኛ በተለየ ቃል ስለሚያስቀድመው፣ «ዘ» እና «ኤ» በየድርሰቱ ይጣላሉ ወይም ያለቦታቸው ይገባሉ። አጥኚዎቹ ደጋግመው የፈተኑትም ይህንኑ ነው። የደብተር ክምር ለተደቀነበት መምህር ከሁሉ የሚቀለው በአንድ ሳምንት «ዘ»ን ብቻ መርጦ ማረም፣ ሕጉን በሁለት መስመር መጻፍና በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ ድርሰት ማጻፍ ነው።