ስለ ማግኒዝየምና በውስጡ ስለሚቀላቀለው ደቃቅ ቅንጣት

የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት ኃይል ያንሳል፤ ስለዚህም ከቦሌ የሚነሣ አይሮፕላን ከቈላ እንደሚነሣው ያህል ሸክም ሊይዝ አይችልም። አይሮፕላኑ ራሱ ቢቀል ግን፣ በቀለለው ልክ መንገደኛ ወይም ነዳጅ ይጨምራል።

ቀላል ማዕድን የሚፈለገው ስለዚህ ነው። የአንድ ሊትር ስፍራ የሚሞላ ብረት 7.8 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ፣ ማግኒዝየም ግን 1.7 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ነገር ግን ማግኒዝየም ሳይሞቅ ሲቀጠቅጡት አይታዘዝም፣ ይሰነጠቃል፤ ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ ይለሰልሳል።

ይህን ጕድለት ለማቃናት የታሰበው ብልኃት ጭቃ ቤት ለሠራ ሰው እንግዳ አይደለም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ከጭድ ጋራ ተቦክቶ ይመረጋል። በማግኒዝየምም ውስጥ እንደ ሲሊኮን ካርባይድ ያለ እጅግ ጠንካራ ዱቄት ይጨመራል፤ ቅንጣቱም በናኖሜትር፣ ማለት በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ይለካል። ሥራው ግን ከጭድ ሥራ ይለያል። ጭድ ስንጥቁን አሻግሮ ይይዛል፤ ደቃቁ ቅንጣት ግን ማዕድኑ በኃይል ሲጫኑት እርስ በርሳቸው ሊንሸራተቱ የሚሹትን የአቶም ረድፎች መንገድ ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ ማዕድኑ ሳይጐብጥ የሚችለው ሸክም ይበዛል።

ችግሩ ያለው በማቡካቱ ላይ ነው። ደቃቅ ዱቄት እርስ በርሱ እየተሳሳበ ይጓጕላል፤ የጓጐለበትም ስፍራ ጭድ እንደ ተከማቸበት ግድግዳ ቀድሞ ይሰበራል። በ2008 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ያሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ለዚህ መላ ማግኘታቸውን ገለጡ። አስቀድመው በቀለጠ ማግኒዝየምና ዚንክ ውስጥ ጥቂት ቅንጣት በተኑ፤ ኋላም ውሃው እስኪመጥ እንደሚፈላ ወጥ፣ ከማዕድኑ ብዙው እንዲተን አደረጉ። ከመቶው ስፍራ 14ቱን ቅንጣቱ ያዘ፤ ሆኖም አልጓጐለም።

ከዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይገባ መጠንቀቅ ያሻል። በ2004 ዓ.ም. ወደ ቦሌ የገባው ቦይንግ 787 ከክብደቱ እኩሌታ ያህሉ ከድብልቅ ነገር የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ያ ድብልቅ የካርቦን ክርና ሙጫ እንጂ ማግኒዝየም አይደለም። ክሩ እንዲያውም ለጭዱ ይቀርባል።

ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት የፈለገ አስተማሪ ሦስት እኩል የጭቃ ጡቦች ይሥራ፤ አንዱን ያለ ጭድ፣ ሁለተኛውን ጭዱ በደኅና ተቦክቶ፣ ሦስተኛውን ያው ጭድ በአንድ ወገን ተከማችቶ። ከደረቁ በኋላ ጫፍና ጫፋቸውን በሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ እስኪሰበሩ ድረስ ከመካከላቸው ሸክም ይጨምርባቸው፤ እያንዳንዱም የቻለውን ክብደት በሰሌዳ ይጻፍ።