ቤቱን ያቆየው መንጋው ነው

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ አካባቢ፣ ሂል ቶፕ የተሰኘ አሮጌ የገበሬ ቤት ይገኛል። የተሠራው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ ብዙ ጎብኚ ቢኖረውም፣ ታሪኩ ከቤት ይልቅ የመሬትና የበግ ታሪክ ነው።

ቤቱን ከነእርሻው እ.ኤ.አ. በ1905 የገዙት በሕፃናት መጻሕፍታቸው የታወቁት የለንደን ተወላጅ ቢያትሪክስ ፖተር ናቸው። እርሻው 14 ሄክታር ገደማ ነበር። ደራሲዋ ነባሩን ገበሬ አላስነሡም፤ ይልቁንም ለቤተሰቡ የሚሆን ተጨማሪ ክፍል አሠርተው ሥራውን ከእርሱ ተማሩ።

በዚያን ዘመን የተራራው እርሻዎች እየተሸነሸኑ ለመዝናኛ ቤት መሥሪያ ይሸጡ ነበር። ቢያትሪክስ ፖተር ከመጻሕፍቱ ባገኙት ገቢ እርሻ በእርሻ ላይ እየገዙ ከመሸንሸን አዳኑ። በ1920ዎቹ የገዙት ትራውትቤክ ፓርክ የተባለው ሰፊ እርሻ በጎቹ በጉበት ትል ክፉኛ ተጠቅተው ነበር። ልምድ ያለው እረኛ ቀጥረው መንጋው እንዲታከም አደረጉ።

የአካባቢው ነባር ዝርያ ኸርድዊክ ይባላል። ግልገሉ ጥቁር ሆኖ ይወለድና ሲያድግ ይሸብታል። ጸጉሩ ሻካራ ቢሆንም ብርድና በረዶ ይችላል። ትልቁ ሀብቱ ግን ሌላ ነው፦ አጥር በሌለው ተራራ ላይ የራሱን ግጦሽ ለይቶ ያውቃል፤ ይህንንም ግልገል ከእናቱ ይማራል። መንጋው ተሽጦ ቢበተን ይህ እውቀት አብሮ ይጠፋል። አዲስ የመጣ በግ ግጦሹን እስኪለምድ ዓመታት ይፈጃል።

በዚህም የተነሣ በአካባቢው የቆየ ልማድ አለ፤ መንጋው የእርሻው ነው። ተከራዩ ሲለቅ የተረከበውን ያህል በግ አስረክቦ ይሄዳል።

ቢያትሪክስ ፖተር በ1943 ሲያርፉ ከ1,600 ሄክታር በላይ መሬትና ከአሥር የሚበልጡ እርሻዎችን ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት አወረሱ። በኑዛዜያቸውም በተራራው እርሻዎች ላይ ያሉት መንጋዎች ንጹሕ ኸርድዊክ ሆነው እንዲቀጥሉ አዘዙ።

የኑዛዜው ብልህነት በ2001 ይበልጥ ታየ። በዚያ ዓመት አፍተግር በብሪታንያ ሲዛመት በርካታ የኸርድዊክ በጎች ተወገዱ። መንጋው ያለቀበት ገበሬ ችግሩ በግ መግዛት ብቻ አልነበረም፤ ተራራውን የሚያውቅ በግ ገበያ ላይ አይገኝም።

የሂል ቶፕ ግድግዳ ቢፈርስ ግንበኛ ይጠግነዋል። ከእናት ወደ ግልገል የሚተላለፈውን የግጦሽ እውቀት ግን የሚያቆየው መንጋው ከመሬቱ ሳይነጠል መኖሩ ብቻ ነው። ነባር ዝርያን እንጠብቅ ሲባልም የበጉ ዘር ብቻውን አይበቃም፤ የሚሰማራበት ግጦሽና የሚያረባው ገበሬ አብረው መጠበቅ አለባቸው።