ጣታችሁን ቀለም ውስጥ ከመንከራችሁ በፊት፦ «ክርስቲያን አይካሰስም» ለምትሉ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ዛሬ ጠዋት እዚህ ቆሰበር ቢሮዬ አንዲት እናት መጥተው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ ወረቀት አወጡ። ርእሱ «የእርቅ ስምምነት» ይላል። ከግርጌ የሦስት ሽማግሌዎችና የጎረቤታቸው ፊርማ፣ አጠገቡ የእሳቸው ሐምራዊ የጣት አሻራ። የወረቀቱ ቁም ነገር አንዲት መስመር ናት፦ ድንበሩ አሁን ባለበት ይጸናል። አሁን ባለበት ማለት ጎረቤትየው በየክረምቱ አንድ ረድፍ የዲከረንስ ዛፍ እየጨመረ ማሳቸው ውስጥ ከገባ በኋላ ባለበት ማለት ነው። አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ደብተራቸው ላይ የተጻፈውና መሬቱ ላይ ያለው አይገናኝም።

ለምን ፈረሙ አልኳቸው። «ልጄ፣ ወንድሟን በዓለማዊ ዳኛ የከሰሰች እንዴት ትቆርባለች አሉኛ» ብለው መለሱ። ይኸው ቃል በድምፅ ተቀድቶ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። እንግዲህ በተራ ልናገር።

1. የእርቅ ወረቀት ተራ ወረቀት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት ተከራካሪዎች ጠባቸውን በስምምነት ከጨረሱ፣ ስምምነቱ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «መብቴን አላወቅሁም ነበር፣ ተሳስቼ ነው» ብሎ ማፍረስ አይቻልም። መታለል ወይም መገደድ ካለ በር አለ፤ ግን ማስረዳቱ የእናንተ ሸክም ነው፣ ምስክር የምትጠሩት ደግሞ እዚያው ወረቀት ላይ የፈረሙትን ሽማግሌዎች ነው።

2. አሁን «ክርስቲያን አይካሰስም» ለማለት ወደሚጠቀሰው ጥቅስ። አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ነው። ሰባኪዎቻችን ቁጥር 7ን ይዘው ይሮጣሉ፤ ብትበደሉ አይሻልም ወይ የሚለውን። ወገኖቼ፣ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አንብቡት! ቁጥር 5 ላይ ሐዋርያው የሚያሳፍራቸው በወንድሞች መካከል መፍረድ የሚችል አንድ ጠቢብ እንኳ አጥታችኋል ወይ ብሎ ነው። ዳኝነት አያስፈልግም አላለም፤ በእናንተው መካከል እውነተኛ ዳኝነት ይኑር አለ። ቁጥር 8 ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ በዳዮች ያዞራል፤ የገዛ ወንድሞቻችሁን ትበድላላችሁ፣ ታታልላላችሁም ይላቸዋል። ስለዚህ ተግሣጹ መጀመሪያ የሚደርሰው ድንበር ለሚገፋው ሰው ነው። እኛ አገር ግን ተግሣጹ ሁሉ የሚወርደው መሬቷን በተቀማችው ላይ ነው። ዲከረንስ ተካዩን «አንተስ እንዴት ትቆርባለህ?» ያለው ሰው አለ? እናትየውን ጠየቅኳቸው፤ የለም።

ጳውሎስ ራሱስ? በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ሹሞቹ በስውር ሊሸኙት ሲሉ እንቢ ብሎ፣ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አድርጓል (የሐዋርያት ሥራ 16)። በቂሳርያ ሊያስረክቡት ሲሉ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ምዕራፍ 25)። ይግባኝ ጠያቂ ሐዋርያ ነው! ጌታም በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ ሲመታ ዝም አላለም። ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክር፣ መልካም ከሆነ ግን ለምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀ (ዮሐንስ 18)። አልተበቀለም፣ አልተሳደበም፤ ማስረጃ ጠየቀ። ሌላኛውን ጉንጭ ስጥ ያለው ይኸው ጌታ ስለሆነ ሁለቱን አብሮ የማያነብ ሰው ባያስተምር ይሻለዋል።

ሥርዓቱም ግልጽ ነው፣ ማቴዎስ 18። መጀመሪያ ብቻህን ሄደህ ንገረው፣ ካልሰማ ሁለት ሦስት ምስክር ያዝ፣ እንቢ ካለ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ምስክር ለምን አስፈለገ? ነገሩ እንዲጣራ ነው። ዘኬዎስም ለቀማው ሁሉ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ ባለንብረቶቹን «ይቅር በሉኝ፣ ገንዘቡም እኔው ጋ ይጽና» አላለም። የተቀማ ሳይመለስ «ታርቃችኋል» ብሎ መስቀል የሚያሳልም አባት ቢጠየቅበት ደስ ይለኛል።

3. ወንጀል ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ነፍስ ከጠፋ፣ ሽማግሌ ደም ቢያደርቅም ክሱ በእርቁ ብቻ አይዘጋም። እርቁና ካሳው ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትና ጉዳትን መካስ ቅጣት ማቅለያ ነው። ከዚያም በላይ ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል እንጂ የሟች ወንድም ገበያ ላይ የገዳይን ወንድም ሲያገኘው ምን እንደሚያደርግ አይቆጣጠርም። ያንን የሚያበርደው ሽማግሌውና የንስሐ አባቱ ነው። ለዚህ ሥራቸው ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ሚስቱን ደብድቦ እጅ የሰበረ ሰው ጉዳይ ግን «የቤት ገመና ነው» ተብሎ ሲታፈን ዝም አልልም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል አድርጎታል። ቤተ ክርስቲያን ገመና ሸፋኝ ናት እያላችሁ ስሟን አታጥፉ።

ደግሞ እርቅ እንዴት እንደሚጻፍ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ከወረዱ በኋላ ሲኖዶሱ የአገር ቤትና የስደት ተብሎ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ተለያይቶ ኖሯል፤ መወጋገዝም ነበረበት። በሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ ሲታረቁ «ያለፈው አልፏል» ብለው ብቻ አልተለያዩም። ማን ያስተዳድራል፣ ማን በጸሎት ይጠብቃል፣ ውግዘቱስ፣ የጳጳሳቱ ቦታስ? ሁሉም በስምምነት ተቀምጧል። አቡነ መርቆሬዎስ በክብር ተመለሱ፣ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን ያዙ። ለፓትርያርኮቹ እንዲህ በጥንቃቄ የተጻፈ እርቅ ለአንዲት የባንጃ ገበሬ ሲሆን በግማሽ ወረቀት የሚያልቀው ለምንድን ነው?

ፍርድ ቤቶቻችንንም አልምርም። ሰው ወደ ሽማግሌ የሚሸሸው በሃይማኖት ብቻ አይደለም። መዝገብ ይከፈታል፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ይተካል፣ ዳኛው ስልጠና ላይ ናቸው ይባላል፣ መሬት አስተዳደር መልስ ሳይሰጥ ወራት ያልፋል። በክልሉ ግጭት ከተነሣበት ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ ራሱ አስፈሪ ሆኗል፤ ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ችሎት መድረስ ለብዙዎች ከባድ ነው። በዚህ ጊዜ የሽማግሌ ዳኝነት የሕዝብ መዳኛ ነው። ለዚህም ነው መበላሸቱ የሚያስቆጣኝ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባቶችን ያየ ሰው ያውቃል፤ ጥፋተኛውን ጥፋተኛ ብለው ነው የሚያስታርቁት።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለድንበር ጠብ ስትቀመጡ ደብተሩን አስመጡ፣ ማሳውን ረግጣችሁ አስለኩ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ከሌላኛው ወገን ያልሆነ ሰው ያንብብለት፤ የሚመለሰውን መሬትና የሚመለስበትን ቀን ጻፉ። የእናትየውን ወረቀት ለማፍረስ ነገ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ከባድ ነው፣ ግን እሞክራለሁ። ገና ያልፈረመበት ወረቀት የያዘ ሰው ካለ ቢሮዬ ይምጣ። ለማንበብ ገንዘብ አልቀበልም።