ገደብ፣ አመክሮ፣ ሙከራ

ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤት ጎራ ያለ ሰው ጀማሪውን ለመለየት አይቸገርም። ነባሮቹ እግራቸውን ከጉድጓዱ ከተው መወርወሪያ ሲያመላልሱ እሱ ጥግ ይዞ ክር ያጠነጥናል። ጥለት የሚያስነኩት ውሎ አድሮ ነው። የተቆረጠለት ቀን የለም፤ እጁ እየታየ ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ዓይነቱን ቆይታ «ፕሮቤሽን» ይለዋል። ሥሩ ላቲን ነው፤ መፈተን፣ መመርመር ማለት ነው። ፍርድ ቤት ያስገባው የቦስተኑ ጫማ ሰፊ ጆን ኦገስተስ ነው። በአውሮፓውያኑ 1841 አንድ ሰካራም ሊታሰር ሲል ዋስ ሆነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው መጠጥ ትቶ ሲቀርብ፣ ዳኛው አንድ ሳንቲምና የችሎት ወጪ ብቻ አስከፍለው ለቀቁት።

ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «አመክሮ» ይባላል። መደናገሩም ከዚህ ይጀምራል፤ የኦገስተስ ሰካራም እዚህ ቢሆን ጎረቤት «በገደብ ተለቀቀ» ነበር የሚለው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ፍርድ ቤት ቅጣቱን አግዶ ከ2 እስከ 5 ዓመት የፈተና ጊዜ ይሰጣል። ጥፋት የደገመ ሰው ግን የታገደው ቅጣት ይጠብቀዋል።

«በአመክሮ ወጣ» የሚባለው ታስሮ የቆየው ነው። 9 ዓመት የተፈረደበት 6ቱን ከጨረሰ፣ ጠባዩን ካሳመረና የበደለውን በአቅሙ ከካሰ የቀረው በውጭ ይታይለታል። ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት መነሻው 20 ዓመት ነው።

ቃሉ ግእዝ ነው፤ ከ«ሞከረ» እና ከ«ሙከራ» ጋር አንድ ሥር አለው። «መከራ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ አመክሮ ላይ ያለ ሰው ይህን ለማመን መዝገበ ቃላት አያሻውም። በገዳምም ቃሉ የቤት ልጅ ነው። መመንኮስ የሚሻ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየሰበረ በአመክሮ ይቆያል።

መሥሪያ ቤት ደግሞ «የሙከራ ጊዜ» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቀድሞ ተከታታይ 45 ቀን የነበረውን ወደ 60 የሥራ ቀን አሳድጎታል። ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው እንዳልሆነ ካየ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብተዋል፤ ሠራተኛውም ካልጣመው እንዲሁ ይሄዳል። ለቆ የነበረ ሠራተኛ እዚያው አሠሪ ዘንድ ወደዚያው ሥራ ቢመለስ ግን ዳግም በሙከራ ሊያዝ አይችልም።