የትውልድ ሐረጋችሁን ከስም ሳይሆን ከአገር ጀምራችሁ ፈልጉ

ከአዲስ አበባው ሰፈራችን ከአየር ጤና ወጥተው ውጭ አገር ያደጉ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «የአያቴን ስም ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ምንም አላገኘሁም፤ ከየት ልጀምር?» ለሁሉም የሚሆን መልስ እነሆ።

ለምሳሌ አየርላንዳዊ የቤተሰብ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስለሚወርድለት፣ ያንን ስም ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ይችላል። የእኛ ግን በየትውልዱ ይቀየራል። የምናውቃቸውን ሰዎች እንይ፦ ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዲሳ፣ ልጃቸው ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል፣ የልጅ ልጃቸው ተፈሪ መኮንን። አያትና የልጅ ልጅ የሚጋሩት ስም የለም። ተፈሪ ሲነግሡ ደግሞ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ፤ ልጃቸውም አስፋ ወሰን ኃይለ ሥላሴ ሆነ። ኃይለ ሥላሴ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘር መሆናቸው የሚቆጠረውም በራስ መኮንን እናት በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ በኩል ነው። የአባቶችን ስም ብቻ የሚቆጥር ሰው ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አይደርስም።

ስለዚህ የእናት ወገንን አትተዉ። በጎጃምና በጎንደር ገበሬው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ነበር። ሐረጉን በቃሉ የያዘ ሽማግሌ በርስት ሙግት ላይ ትልቅ ምስክር ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ለርስት ብሎ መቁጠር ቀረ፤ ቆጠራውን የሚያውቁትም እያለፉ ነው። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት መቁጠሩ ግን በብዙ ቤት ዛሬም አለ። ወላጆቻችሁ እናንተን ለመዳር ያጠኑትን ጠይቋቸው፤ ከምታስቡት በላይ ያውቃሉ።

ወረቀትስ? የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በመላ አገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ለአያቶቻችን የልደት ሰርተፊኬት መፈለግ ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ሰዎች የሚረሱት ግን አንድ ጥሩ መዝገብ አለ፤ የእድር መዝገብ። እድር ለአባሉ የሚከፍለው እንደ ዝምድናው ስለሆነ፣ ጸሐፊው የሟቹን ስም ከነዝምድናው ይጽፋል፦ የአባላችን እናት፣ ወንድም፣ አማች። እንደ እኛ ሰፈር ከጉራጌም፣ ከወሎም፣ ከሸዋም የመጣ ሰው ተቀላቅሎ በሚኖርበት ቦታ፣ አገር ቤት የሞቱ ዘመዶች ስም ከተማ ውስጥ የሚገኝበት መዝገብ ይህ ነው። የቆዩ እድሮች መዝገባቸውን እንዳይጥሉ እለምናለሁ።

ክርስቲያን ከሆናችሁ የክርስትና ስማቸውን ጠይቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምታውቀው በዚያ ስም ነው። በአጥቢያው ወንጌልና ዳዊት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና የባለቤቶች ስም የተጻፈበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተው፣ ቅጂያቸው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ብዙዎቹን ዛሬ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

ለዚህ ሁሉ ቁልፉ የአገሩ ስም ነው። አየርላንዳውያንም ይህን በመከራ ተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ደብሊን የነበረው የመዝገብ ቤታቸው ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል ጠፋ። ዛሬ ፈላጊዎቻቸው የሚደገፉት በ1901 እና በ1911 ቆጠራ፣ በአጥቢያ መዝገብና በመሬት ግምት ዝርዝር ነው። ሰውየው የት ቀበሌ፣ የትኛው አጥቢያ እንደነበረ ያላወቀን ሰው ስም ብቻውን አያደርሰውም። የእኛም እንደዚያው ነው። «ከወሎ» አይበቃም፤ አውራጃውን፣ ወረዳውን፣ ደብሩን ወይም መስጊዱን፣ ጎጡን ጠይቁ። ብዙዎቹ የድሮ የአውራጃ ስሞች ዛሬ ካርታ ላይ ስለሌሉ ሽማግሌው እንዳሉት አድርጋችሁ ጻፉ።

ውጭ ላላችሁ አንድ አደራ። ፎርም ስትሞሉ አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያስመዘግባል። በሁለት ትውልድ ውስጥ ልጆቻቸው ዘመድ መሆናቸው ከወረቀት ላይ ይጠፋል። ይህን ማስተካከል ባትችሉ እንኳ ማን የማን ወንድም እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ ስጡ።

በሕይወት ያለ አያት ያላችሁ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና ዛሬ ማታ ደውሉ። ስልካችሁን ለቀረጻ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ ስለ እናታቸው ጠይቋቸው።