የጠፈር መንገደኛ እንቅልፍ

ጥያቄው የተነሣው ከስንቅ ነው። ከምድር ወደ ማርስ የሚጓዝ ሰው ለመሄጃው ብቻ ከ6 እስከ 9 ወር ስለሚፈጅበት፣ በነዚህ ወራት ሁሉ የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና የሚተነፍሰውን ጭኖ መነሣት ግድ ይሆንበታልና፣ ሊቃውንቱ መንገዱን አንቀላፍቶ ቢያልፈውስ ብለው መመርመር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የገለጸው ጥናትም፣ ተሳፋሪዎቹ የሚያንቀላፉ ከሆነ የመንኮራኩሩ ክብደት በሲሶ ያህል ሊቀል እንደሚችል ገምቷል።

አብነቱ የተገኘው ከአራዊት ነው። የሰሜን አሜሪካ ጥቁር ድብ ከ5 እስከ 7 ወር ሳትበላ፣ ሳትጠጣ፣ ሽንትም ሳትሸና በዋሻዋ ስትከርም፣ ሙቀተ ሥጋዋ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ዝቅ ሲል የሰውነቷ ፍጆታ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ክብደት በሌለበት ጠፈር የሚኖር ሰው በየወሩ ከአጥንቱ ጥንካሬ ከመቶ 1 ያህል ሲያጣ፣ እርሷ ይህን ያህል ዘመን ተጋድማ አጥንቷም ጡንቻዋም ብዙ ሳይጎዳ መነሣቷ ነው። በአላስካ የምትኖረው ሽኮኮ መሳይ እንስሳማ ሙቀቷ ከዜሮ በታች እስከ 2.9 ዲግሪ ወርዶ ሳለ ደሟ በረዶ አይሆንም። ሆኖም በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ስቧን አንድዳ ትሞቃለች፤ ከሞቀችም በኋላ አብዛኛውን ሰዓት የምታሳልፈው በመተኛት ነውና፣ እንቅልፍ መስሎን የነበረው ፍዘት ለካ ከእንቅልፍ የተለየ ነገር ኖሯል። በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት እንደሚነገረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ የያዘው በለስ እንኳ አልጠወለገም፤ የርሱስ በጸጋ ነው፤ በፍጥረት ሥርዓት የሚፈዝ ሥጋ ለባሽ ግን ዋጋውን በስብ ይከፍላል።

የሰው ሰውነት ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ በታች ሲወርድም የልቡ ምት ይታወክና ለሞት ያሰጋዋል። ሐኪሞች ልቡ ቆሞ የተመለሰለትን በሽተኛ፣ አንጎሉ እንዳይጎዳ ብለው ወደ 32 ወይም 34 ዲግሪ የሚያወርዱበት ጥበብ አላቸው፤ ይህ ግን መንቀጥቀጡን በመድኃኒት እየከለከሉ ለአንድ ቀን ያህል የሚያደርጉት እንጂ ለወራት የሚዘልቅ አይደለም። ስለዚህ በኔ አስተያየት ተስፋው ያለው ገላን ከውጭ በማቀዝቀዝ ሳይሆን፣ ሙቀትን የሚያዝዘውን የአንጎል ክፍል በማግባባት ነው። በጃፓን የጹኩባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 በአይጥ አንጎል ውስጥ ጥቂት ሕዋሳትን ቀስቅሰው ከአንድ ቀን በላይ አፍዝዘዋታል፤ በ2023 ደግሞ በአሜሪካ፣ ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ፣ በተፈጥሮዋ የማትፈዘውን ትልቋን አይጥ እንኳ ሙቀቷን ዝቅ አድርገውባታል። ከጦጣና ከሰው ጋር በአንድ መደብ የምትቆጠር አንዲት የማዳጋስካር ሌሙር ዓይነትም እስከ 7 ወር የምትፈዝ መሆኗ፣ ነገሩ ለወገናችን ፈጽሞ ባዕድ አለመሆኑን ያሳያል።

በአውሮፓው ዕቅድ መንገደኛው አስቀድሞ እንደ ድቧ ይወፍራል፤ ሲነቃም ለ21 ቀን ያገግማል። በመካከሉ ግን ሁሉም ፈዝዞ ሳለ የተበላሸውን የሚጠግነው መንኮራኩሩ ራሱ መሆን አለበት፤ ይህም ሥራ ከእንቅልፉ የሚቀል አይመስለኝም።