አስም ሲነሳ «በረጅሙ ሳቢ!» አትበሉ

በድንገተኛ ክፍል ነርስነቴ ዘወትር የምሰማው ጩኸት አለ። አስም የተነሳባትን ልጅ አስታማሚዎቿ ከበው «አይዞሽ፣ በረጅሙ ሳቢ! አሁንም ሳቢ!» ይሏታል። የሚሉት ከፍቅር ነው። እሷን ይበልጥ የቸገራት ግን አየር ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው።

ሳንባ ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎች በጡንቻ የተጠቀለሉ ናቸው። ከውጭ ደግሞ ድንኳን በገመድ እንደሚወጠር የሳንባው አካል ከየአቅጣጫው ይዟቸዋል። ሳንባ በአየር ሲሞላ ውጥረቱ ይጠብቅና ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ፤ አየሩ ሲጎድል ውጥረቱ ይላላና ይጠባሉ፤ ማስወጣቱ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ስንተኛ ሆድ ዕቃችን ወደ ላይ ስለሚገፋ ሳንባ የሚይዘው አየር ይቀንሳል። አስም ሌሊት የሚብስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከልክ ያለፈ ውፍረትም ሳንባ የሚይዘውን አየር ይቀንሳል። የቧንቧው ወርድ በግማሽ ሲጠብ ደግሞ አየር ለማሳለፍ ያለው ተቃውሞ 16 እጥፍ ይሆናል።

ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው በየመሃሉ በረጅሙ ይተነፍሳል። ያ ትንፋሽ የቧንቧዎቹን ጡንቻ እየለጠጠ ያፍታታዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጤነኛ ሰዎች ቧንቧ የሚያጠብ ሜታኮሊን እየሳቡ በረጅሙ እንዳይተነፍሱ አደረገ፤ ቧንቧቸው እንደ አስም ሕመምተኛ ጠበበ። አስም ባለበት ሰው ላይ ግን ረጅም ትንፋሽ የማፍታታት ኃይሉ ደካማ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ ያጠብባል።

አስም ተነስቶብን ሲጨንቀን ትንፋሻችን ይፈጥናል። የገባው ወጥቶ ሳያልቅ ሌላው ይጨመራል፤ ደረት ይነፋል። መነፋቱ ቧንቧዎቹን ለጊዜው ከፍቶ ቢይዝም የመተንፈሻ ጡንቻዎችን አድክሞ ይጥላል።

ስለዚህ በሽተኛዋን አታስተኟት፤ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ ከወገቧ ትንሽ ጎንበስ ትበል። በሐኪም የታዘዘላትን የማስታገሻ ፓፍ ስጧት፤ ስፔሰር (ፓፉ የሚገጠምበት ቱቦ) ካለ በእሱ። ከንፈሯን ሞጥሞጥ አድርጋ ቀስ ብላ ታስወጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ፓፉ ካላሻላት በዚያችው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

የአተነፋፈስ ዘዴ መድኃኒትን አይተካም። የቧንቧውን ቁጣ የሚያበርደው ሐኪም በየቀኑ እንዲወሰድ የሚያዘው የስቴሮይድ ፓፍ ነው፤ ተሽሎኛል ብሎ ማቋረጥ አደጋ አለው። በጭንቁ ሰዓት ደግሞ የእናንተ ድርሻ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ቀስ ብለሽ አስወጪ» ማለት ነው።